የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኝ ሹመትና ሽረት፦ ከቢል ቤሊቺክ የ50 ዓመት መንገድ የምንረዳው

የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በዲሴምበር 2024 ለፉትቦል ቡድኑ አዲስ ዋና አሰልጣኝ ቀጠረ። ሰውየው ቢል ቤሊቺክ ይባላል፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 72 ነበር። በዋና አሰልጣኝነት 6 ጊዜ የሱፐር ቦውልን፣ ማለትም የፕሮፌሽናል ሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ፣ ዋንጫ አንሥቷል፤ በዚህ ቁጥር የሚስተካከለው አሰልጣኝ የለም። ሆኖም እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም የዩኒቨርሲቲ ቡድን አሰልጥኖ አያውቅም። ከ11 ወራት በፊት ለ24 የውድድር ዘመናት ከመራው ከኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ተለያይቶ በፕሮፌሽናል ሊጉ ሌላ ቡድን ፈልጎ ነበር፤ ከ32ቱ ቡድኖች አንዱም አልቀጠረውም።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ስድስት ዋንጫ ያለው ሰው እንዴት ሥራ ያጣል? በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ የአማርኛ ተናጋሪ ወላጆች በየዓመቱ ከልጆቻቸው ጋር ሱፐር ቦውልን ለማየት ይቀመጣሉ፤ ከሜዳው ዳር የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ወረቀት የሚያገላብጠው ሰው ምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደተሾመና ለምን እንደሚሻር የሚያስረዳቸው ግን እምብዛም አያገኙም። የቤሊቺክ መንገድ ይህን ለማስረዳት ይመቻል፤ በሙያው ውስጥ ሊደርስ የሚችለው ነገር ሁሉ፣ ከፍታውም ውርደቱም፣ በእርሱ ላይ ደርሷልና። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሰልጣኝ ስንል ምን ማለታችን ነው?

እኛ የምናውቀው የእግር ኳስ አሰልጣኝ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ማድረግ የሚችለው ነገር ውስን ነው። ኳሷ ትሮጣለች፣ ተጫዋቾቹ በራሳቸው ይወስናሉ፣ እርሱ ከዳር ሆኖ ይጮኻል፣ ተጫዋች ይቀይራል። የአሜሪካ ፉትቦል ግን በየጥቂት ሰከንዱ የሚቆም ጨዋታ ነው። ኳሷን የያዘው ቡድን በ4 ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ወደፊት መግፋት አለበት፤ ከተሳካለት ሌላ 4 ሙከራ ያገኛል፣ ካልተሳካለት ኳሷ ለተጋጣሚው ትሰጣለች። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ሁለቱም ወገኖች ቆመው ቀጣዩን እርምጃ ይመርጣሉ። ስለዚህ ጨዋታው ከእግር ኳስ ይልቅ ለገበጣ ይቀርባል፤ ልዩነቱ በገበጣ ጠጠሩ ለሁለቱም ተጫዋቾች የሚታይ ሲሆን፣ እዚህ ግን እያንዳንዱ ወገን ሐሳቡን እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት የሚደብቅ መሆኑ ነው።

ይህ መቆራረጥ ነው አሰልጣኙን ኃያል ያደረገው። ከ1994 ጀምሮ ኳርተርባክ የሚባለው፣ የማጥቃቱን እንቅስቃሴ የሚመራው ተጫዋች፣ በራስ መከላከያው ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ አለው፤ አሰልጣኙ የሚቀጥለውን እርምጃ ስም በጆሮው ይነግረዋል። በመደበኛው አካሄድ በአንድ ሙከራና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ 40 ሰከንድ ሲሆን፣ ሰዓቱ 15 ሰከንድ ሲቀረው ሬዲዮው ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ ብቻውን ነው።

አንድ ቡድን 53 ተጫዋቾች አሉት፤ በሦስትም ይከፈላሉ፦ የሚያጠቁ፣ የሚከላከሉና ኳስ በሚለጋበት ጊዜ ብቻ የሚገቡ። እያንዳንዱ ክፍል ኮርዲኔተር የሚባል የራሱ ኃላፊ አሰልጣኝ አለው፤ ከኮርዲኔተሮቹ ሥር ደግሞ የአንድን የጨዋታ ቦታ ሰዎች ብቻ የሚያስተምሩ ረዳቶች አሉ። ሁሉም ሲቆጠሩ ብዙ ጊዜ ከ20 ይበልጣሉ። ዋና አሰልጣኙ የእነዚህ ሁሉ አለቃ ነው፤ ስለዚህ ሥራው ተጫዋች ከማስተማር ይልቅ አስተማሪዎችን መምራት ነው ቢባል ይቀርባል።

አንድ ሰው ወደዚህ ሙያ እንዴት ይገባል?

በአፍሪካም ሆነ በአውሮፓ የእግር ኳስ አሰልጣኝ ደረጃ በደረጃ ፈቃድ ማግኘት አለበት። በአሜሪካ ፕሮፌሽናል ፉትቦል ግን እንዲህ ያለ የፈቃድ መሰላል የለም። ሙያው የሚወረሰው ከሰው ወደ ሰው ነው፤ ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌም የቆሎ ተማሪ ይመስለኛል። የቆሎ ተማሪ ቀለብ ለምኖ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ዜማውን ከአንዱ፣ ቅኔውን ከሌላው ይማራል፤ በመጨረሻም ሰው የሚጠይቀው «የማን ተማሪ ነህ?» ብሎ ነው። የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኝም በወጣትነቱ የሚኖረው እንደዚሁ ነው፣ ሲታጭም የሚጠየቀው ይህንኑ ነው።

ቤሊቺክ በ1952 በናሽቪል፣ ቴነሲ ተወለደ። አባቱ ስቲቭ ቤሊቺክ በአናፖሊስ በሚገኘው የአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ ከ30 ዓመታት በላይ ረዳት አሰልጣኝና የተጋጣሚ አጥኚ ሆኖ ሠርቷል። አጥኚ ማለት ቀጣዩ ተጋጣሚ ሲጫወት ሄዶ አይቶ፣ ልማዱንና ድክመቱን መዝግቦ የሚመለስ ሰው ነው። ልጁ የጨዋታ ፊልም እያዩ መመዝገብን ከአባቱ ጋር ተቀምጦ የተማረው ገና በልጅነቱ ነበር።

በ1975 ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ተመርቆ ሲወጣ ባልቲሞር ኮልትስ በሚባለው ቡድን ሥራ አገኘ። ደመወዙ በሳምንት 25 ዶላር ነበር። ሥራው ፊልም እየቆረጡ መተንተን፣ የተጋጣሚን እንቅስቃሴ በካርድ ላይ መሣልና ለታላላቆቹ መላላክ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት በዲትሮይት፣ አንድ ዓመት በዴንቨር ሠርቶ በ1979 ወደ ኒው ዮርክ ጃይንትስ ሄደ። በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ከተማ ማለት ነው። ለአንድ ወጣት ረዳት አሰልጣኝ ይህ የተለመደ ኑሮ ነው፤ ዋና አሰልጣኙ ሲባረር ከሥሩ ያሉት ረዳቶችም ብዙውን ጊዜ አብረው ይወጣሉ፣ ቤተሰባቸውን ይዘውም ሌላ ከተማ ይፈልጋሉ።

ከረዳትነት ወደ ዋናነት የሚያሻግረው ምንድን ነው?

ቤሊቺክ በጃይንትስ ቤት 12 ዓመት ቆየ። በዋና አሰልጣኙ በቢል ፓርሴልስ ሥር የመከላከል ክፍሉ ኮርዲኔተር ሆኖ ሁለት ሱፐር ቦውል አሸነፈ። ሁለተኛው፣ በጃንዋሪ 1991 ከቡፋሎ ቢልስ ጋር የተደረገው፣ ስሙን ያስጠራው ነው። ቡፋሎ ፈጣን የኳስ ቅብብል የሚጫወት፣ ለመቆጣጠር የሚያስቸግር ቡድን ነበር። ቤሊቺክ ለተከላካዮቹ ያልጠበቁትን ነገር ነገራቸው፦ የቡፋሎው ሯጭ ኳስ ይዞ ቢሮጥባችሁ አትጨነቁ፣ ቅብብሉን ግን ዝጉ፣ ኳስ የሚቀበለውን ሁሉ አጥብቃችሁ ጣሉ። በእጁ ኳስ ይዞ የሚሮጥ ሰው ቀስ ብሎ ይጎዳል፣ በአየር የምትሄድ ኳስ ግን በአንድ ጊዜ ትገድላለች የሚል ስሌት ነበረው። በሌላ በኩል የጃይንትስ አጥቂዎች ኳሷን ከ60ው ደቂቃ ከ40 በላይ ይዘው ቡፋሎን ዳር አስቀመጡት። ጨዋታው 20 ለ19 ተጠናቀቀ፤ ቡፋሎ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ለማሸነፍ ከ47 ያርድ የለጋት ኳስ ከግቡ ምሰሶዎች በስተቀኝ አልፋ ወጥታ ነበር። ያ የመከላከል ዕቅድ ዛሬ በካንተን፣ ኦሃዮ በሚገኘው የፕሮፌሽናል ፉትቦል የዝና አዳራሽ ተቀምጧል።

አንድ ኮርዲኔተር ለዋና አሰልጣኝነት የሚታጨው እንዲህ ባለ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ የክለብ ባለቤቶች የሚቀጥሩት ግሩም ዕቅድ አውጪን ሲሆን፣ የሚሰጡት ሥራ ግን ሰው ማስተዳደር፣ ለጋዜጠኛ መልስ መስጠትና ከባለቤቱ ጋር መግባባት ነው። ጎበዝ የቅኔ ተማሪ ሁሉ ጥሩ የደብር አስተዳዳሪ እንደማይሆን ማለት ነው። ብዙ ሹመቶች የሚከሽፉት በዚህ ክፍተት ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ሹመት ለምን ከሸፈ?

በ1991 ክሊቭላንድ ብራውንስ ቤሊቺክን ዋና አሰልጣኝ አደረገው። ዕድሜው 38 ነበር። በኖቬምበር 1993 የከተማይቱ ሕዝብ እንደ ልጁ የሚወድደውን ኳርተርባክ በርኒ ኮሳርን ችሎታው ቀንሷል ብሎ አሰናበተው። ውሳኔው ከጨዋታ አንጻር ሊያከራክር ይችላል፤ ለሕዝቡ ግን ሐዘን ነበር፣ አሰልጣኙም ስሜታቸውን ለማስታገስ አልሞከረም። በ1994 ቡድኑ 11 ጨዋታ አሸንፎ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ፤ ነገሩ የተስተካከለ መሰለ። በኖቬምበር 1995 ግን የክለቡ ባለቤት ቡድኑን ወደ ባልቲሞር እንደሚወስድ አስታወቀ። በአሜሪካ ክለብ የባለቤቱ ንብረት ስለሆነ እንደ ሱቅ ከከተማ ወደ ከተማ ሊዛወር ይችላል። ደጋፊው ተቆጣ፣ ቡድኑ ተፈታ፣ ዓመቱም በ5 ድልና በ11 ሽንፈት አለቀ። በፌብሩዋሪ 1996 ቤሊቺክ ተባረረ። በአምስት ዓመት ውስጥ 36 አሸንፎ 44 ተሸንፎ ነበር።

በዚህ ሊግ የውድድር ዘመኑ መደበኛ ጨዋታዎች ባለቁ ማግስት ያለው ቀን «ጥቁር ሰኞ» ይባላል፤ በዚያ ዕለት ብዙ አሰልጣኞች አንድ ላይ ይባረራሉ። አንድ ጊዜ የተሻረ አሰልጣኝ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዕድል የሚያገኘው እንደገና ረዳት ሆኖ ከሠራ በኋላ ነው። ቤሊቺክም ወደ ቀድሞ አለቃው ተመለሰ፤ በ1996 በኒው ኢንግላንድ፣ ከ1997 እስከ 1999 በኒው ዮርክ ጄትስ የፓርሴልስ ረዳት ሆነ።

አሰልጣኝ እንደ ተጫዋች በዝውውር ይሄዳል?

አዎ፣ ውል ካለበት። ጃንዋሪ 2000 መጀመሪያ ላይ ፓርሴልስ ከጄትስ ዋና አሰልጣኝነት ሲለቅ በውሉ መሠረት ቦታው ለቤሊቺክ ተላለፈ። በማግስቱ፣ ሹመቱን ሊቀበል ነው ተብሎ በተጠራው ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ፣ በቁራጭ ወረቀት በጻፋት አንዲት መስመር ሥራውን መልቀቁን አስታወቀ። የሚፈልገው ኒው ኢንግላንድን ነበር። ጄትስ ግን ውል አለው ብሎ ያዘው፤ በመጨረሻ ፓትሪየትስ በዚያ ዓመት የነበረውን የመጀመሪያ ዙር የተጫዋች ምርጫ መብት (ምርጫው ምን እንደሆነ ቀጥሎ እናያለን) ለጄትስ አሳልፎ በመስጠት ወሰደው። በክሊቭላንድ ለተባረረ ሰው ይህን ያህል መክፈል ያን ጊዜ ብዙዎችን አላሳመነም። የመጀመሪያው ዓመት ውጤትም፣ 5 ድልና 11 ሽንፈት፣ አላገዘውም።

ተጫዋቾቹን የሚመርጠው ማን ነው?

ይህ ክፍል የሙያውን ምስጢር ስለሚይዝ ረዘም ብዬ ላስረዳው። በአውሮፓ እግር ኳስ ሀብታም ክለብ የፈለገውን ተጫዋች ሊገዛ ይችላል። የአሜሪካው ናሽናል ፉትቦል ሊግ ይህን በሁለት መንገድ ይገድባል። የመጀመሪያው ድራፍት ነው፦ በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ወጣቶች በ7 ዙር ይከፋፈላሉ፣ በእያንዳንዱም ዙር አስቀድሞ የሚመርጠው ባለፈው ዓመት የመጨረሻውን ውጤት ያስመዘገበው ቡድን ነው፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ ይመርጣል። የቅርጫ ሥጋ በዕጣ ሲከፈል መደቡ ሁሉ እኩል እንዲሆን ይደረጋል፤ እዚህ ግን ባለፈው በዓል የጦመው ሰው ቀድሞ እንዲያነሣ ይፈቀድለታል እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው የደመወዝ ጣሪያ ነው። ከ1994 ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን ለተጫዋቾች የሚያወጣው ገንዘብ ወሰን ተበጅቶለታል፤ በ2024 ወሰኑ 255.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ባለቤቱ የቱንም ያህል ሀብታም ቢሆን ከዚያ አያልፍም። የአሰልጣኞች ደመወዝ ግን በዚህ ጣሪያ ውስጥ አይቆጠርም።

በአብዛኞቹ ክለቦች ድራፍቱንና ደመወዙን የሚያስተዳድረው ጄኔራል ማናጀር የሚባል ኃላፊ ነው፤ አሰልጣኙ የተሰጡትን ተጫዋቾች ያጫውታል። ፓርሴልስ በ1997 ከኒው ኢንግላንድ ሲለቅ ቅሬታው ይህ ነበር፤ ራት ሥራ የሚባል ሰው ከአስቤዛው ጥቂቱን እንኳ ራሱ ቢገዛ ይገባዋል ሲል ተናግሯል። ቤሊቺክ በኒው ኢንግላንድ ያገኘው ይህንኑ ሥልጣን ነው፤ አስቤዛውንም ገዛ፣ ወጡንም ሠራ።

ሥልጣኑ ምን ያህል ጨካኝ ውሳኔ እንደሚጠይቅ በ2003 ታየ። የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ ከቡድኑ መሪዎች አንዱ የነበረውን ተከላካይ ሎየር ሚሎይን ደመወዙን ለመቀነስ ስላልተስማሙ አሰናበተው። ተጫዋቹ ወደ ቡፋሎ ሄደ፤ በመክፈቻው ጨዋታ ቡፋሎ ፓትሪየትስን 31 ለ0 አሸነፈ። ተጫዋቾቹ አሰልጣኛቸውን ይጠላሉ እስከ መባል ተደረሰ። በዚያው ዓመት የመጨረሻ መደበኛ ጨዋታ ፓትሪየትስ ቡፋሎን በዚያው ውጤት፣ 31 ለ0፣ መለሰለት፤ ከዚያም ዋንጫውን ወሰደ። ውሳኔው ትክክል ነበር ለማለት ይህ ብቻ አይበቃም፤ ነገር ግን የተቆጠበው ገንዘብ ለሌሎች ተጫዋቾች የሚውልበት ሥርዓት ውስጥ አሰልጣኝ ውለታን ከሒሳብ ለይቶ ማየት እንዳለበት ያሳያል።

ሳምንቱን ሙሉ ምን ሲሠራ ይውላል?

መደበኛው የውድድር ዘመን ከ2021 ጀምሮ 17 ጨዋታ ብቻ ነው፤ ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እሑድ፣ ይጫወታሉ። ሰኞ ያለፈውን ፊልም ማየት፣ ማክሰኞ ተጫዋቾቹ ሲያርፉ አሰልጣኞቹ ዕቅድ ማውጣት፣ ከረቡዕ እስከ ዓርብ ዕቅዱን በሜዳ መለማመድ የተለመደው አካሄድ ነው። አንድ ሽንፈት ከ17ቱ አንዱ ስለሆነ ክብደቱ ብዙ ነው፤ በልምምድ ሜዳ የሚባክን ሰዓትም እንደዚሁ።

ይህ ዝግጅት እንዴት ፍሬ እንደሚያፈራ በፌብሩዋሪ 2015 ከሲያትል ሲሆክስ ጋር በተደረገው ሱፐር ቦውል ታይቷል። ፓትሪየትስ 28 ለ24 እየመራ፣ ሲያትል ኳሷን ይዞ ነጥብ ከሚያስገኘው መስመር አንድ ያርድ ላይ ቆሞ ነበር፤ የቀረው ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። ተመልካቹ ሁሉ ቤሊቺክ ሰዓቱን እንዲያስቆም ጠበቀ፤ ሲያትል ካስቆጠረ ለመልሱ ጊዜ እንዲተርፈው። እርሱ ግን ዝም አለ። ሰዓቱ ሲሮጥ ጥድፊያው ወደ ሲያትል ዞረ፤ ቤሊቺክም ለዚህ ሁኔታ የተዘጋጁትን ሦስት የዳር ተከላካዮች አስገባ። ከሦስቱ አንዱ ማልኮም በትለር ነበር፤ በድራፍቱ ማንም ያልመረጠው፣ ከትንሽ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ጀማሪ። በዚያ ሳምንት ልምምድ ላይ የቡድን ጓደኞቹ ሲያትልን መስለው ይህንኑ ቅብብል ሲጫወቱበት ዘግይቶ ተበልጦ ነበር። በጨዋታው ሲያትል ያንኑ ሲሞክር በትለር አወቀው፣ ቀድሞ ደረሰ፣ ኳሷን ነጠቀ። ጨዋታው አለቀ።

ዋንጫው የአሰልጣኙ ነው ወይስ የተጫዋቹ?

ስለ ቤሊቺክ የሚነሣ ክርክር ሁሉ እዚህ ይደርሳል። በ2000 ድራፍት ፓትሪየትስ በ6ኛው ዙር፣ በ199ኛ ተራ፣ ቶም ብሬዲ የተባለ ኳርተርባክ መረጠ። በሴፕቴምበር 2001 የቡድኑ ዋና ኳርተርባክ ድሩ ብሌድሶ በደረሰበት ግጭት ክፉኛ ተጎዳ፣ ብሬዲ ተተካ። ብሌድሶ በዚያው ዓመት የ10 ዓመት፣ የ103 ሚሊዮን ዶላር ውል የፈረመ ሰው ነበር፤ ኖቬምበር ላይ ሲድን ቦታው ይመለስለታል ተብሎ ተጠበቀ። ቤሊቺክ ግን በወጣቱ ጸና። ቡድኑም በፌብሩዋሪ 2002 ብዙዎች ያሸንፋል ያሉትን የሴንት ሉዊስ ራምስን 20 ለ17 ረትቶ የመጀመሪያ ዋንጫውን አገኘ። ስድስቱም ዋንጫዎች የመጡት ብሬዲ በነበረበት ጊዜ ነው።

ቁጥሩ እንዲህ ይነበባል። ብሬዲ ጨዋታ ጀምሮ በተሰለፈባቸው የፓትሪየትስ መደበኛ ግጥሚያዎች ቡድኑ 219 አሸንፎ 64 ተሸንፏል። ያለ ብሬዲ፣ ክሊቭላንድን ጨምሮ፣ የቤሊቺክ ውጤት 83 ድልና 101 ሽንፈት ነው። ብሬዲ በ2020 ወደ ታምፓ ቤይ ሄዶ በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫ ሲያነሣ ብዙ ሰው ክርክሩ ተዘጋ አለ።

እኔ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ብሬዲ ገና በመጀመሪያው ጨዋታ በተጎዳበት በ2008 ቡድኑ በተጠባባቂ ኳርተርባክ 11 አሸንፎ 5 ብቻ ተሸንፏል፤ በፌብሩዋሪ 2019 ስድስተኛው ዋንጫ የመጣው ተጋጣሚውን 3 ነጥብ ላይ ባስቀረ የመከላከል ሥራ፣ 13 ለ3 በሆነ ውጤት ነው። በሌላ በኩል በፌብሩዋሪ 2017 አትላንታ 28 ለ3 ሲመራ ቡድኑን መልሶ 34 ለ28 እንዲያሸንፍ ያደረገው ከማንም በላይ የብሬዲ ክንድ ነበር። አሰልጣኝ በሬውን አይወልደውም፤ ማረሻውን፣ እርሻውንና ጊዜውን ግን ይመርጣል። ያለ በሬ እርሻ የለም፣ በሬው ብቻውን ግን ፈር አያወጣም።

በዝናው ላይ ያለውን ጥላም መናገር ተገቢ ነው። በ2007 የቡድኑ ሠራተኛ የጄትስ አሰልጣኞችን የእጅ ምልክት ከማይፈቀድ ቦታ ሲቀርጽ ተያዘ። ሊጉ ቤሊቺክን 500,000 ዶላር፣ ክለቡን 250,000 ዶላር ቀጣ፤ የ2008 የመጀመሪያ ዙር ምርጫውንም ወሰደበት። በዚያ ዓመት ቡድኑ 16ቱንም መደበኛ ጨዋታዎች ቢያሸንፍም በሱፐር ቦውል በጃይንትስ 17 ለ14 ተሸነፈ።

ተማሪዎቹ ምን ደረሱ? በሩስ ለማን ይከፈታል?

ሙያው ከመምህር ወደ ተማሪ ስለሚተላለፍ የትልቅ አሰልጣኝ ረዳቶች በሌሎች ክለቦች ይፈለጋሉ። ከቤሊቺክ ተማሪዎች ታላቁ በክሊቭላንድ ኮርዲኔተሩ የነበረው ኒክ ሴበን ነው፤ ነገር ግን 7 የዩኒቨርሲቲ ሻምፒዮናዎቹን ያገኘው በፕሮፌሽናል ሊጉ አይደለም። በሊጉ ውስጥ ዋና አሰልጣኝ የሆኑት እንደ ማት ፓትሪሺያና ጆሽ ማክዳንኤልስ ያሉት ብዙም ሳይቆዩ ተባረዋል። የመምህሩን ቁጣ መውረስ ይቻላል፤ በድል የተገኘ ተሰሚነቱን ግን ማውረስ አይቻልም።

በዝምድናና በትውውቅ የሚተላለፍ ሙያ በውጭ ላለው ሰው በሩ ጠባብ ነው። ከተጫዋቾቹ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ሲሆኑ ዋና አሰልጣኞቹ ግን በብዛት ነጮች ናቸው። ለዚህ ሲባል በ2003 ሩኒ ሩል የሚባል ደንብ ወጣ፤ ዋና አሰልጣኝ የሚፈልግ ክለብ ከአናሳ ወገን የሆነ እጩ ሳያነጋግር እንዳይቀጥር ያዝዛል። በፌብሩዋሪ 2007 ቶኒ ደንጂ ሱፐር ቦውልን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ደንቡ ግን የሚያስገድደው ማነጋገርን እንጂ መቅጠርን አይደለም። በ2022 ከቤሊቺክ ተማሪዎች አንዱ የሆነው ብራያን ፍሎሬስ ሊጉን በዘር አድልዎ ከሰሰ፤ በክሱ እንደተገለጸው ጃይንትስ እርሱን ከማነጋገሩ ከቀናት በፊት ቤሊቺክ ለሥራው አስቀድሞ የተመረጠው ሌላው ብራያን መስሎት የእንኳን ደስ ያለህ መልእክት ልኮለት ነበር። ክለቡ ውንጀላውን አስተባብሏል።

ሲሻር ምን ያገኛል? ለምንስ ሌላ ሥራ አጣ?

የተባረረ ዋና አሰልጣኝ አብዛኛውን ጊዜ የቀረው የውል ዘመን ደመወዝ ይከፈለዋል። ከተጫዋቾች የሚለየው በዚህ ነው፤ የብዙ ተጫዋቾች ውል ሙሉ በሙሉ ዋስትና ያለው አይደለም፣ ሲሰናበቱ የቀረው ገንዘብ አብሮ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አሰልጣኝ ማባረር ለባለቤቱ ውድ ነው፤ ቢሆንም በየዓመቱ ይደረጋል፣ 53 ተጫዋች ከመቀየር አንድ ሰው መቀየር ይቀላልና።

ቤሊቺክ ከብሬዲ መሄድ በኋላ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ፤ በ2023 ቡድኑ 4 አሸንፎ 13 ተሸነፈ፣ በጃንዋሪ 2024 ተለያዩ። ደካሞቹን ተጫዋቾች የመረጠው ራሱ ስለነበር የሚያላክክበት ጄኔራል ማናጀር አልነበረውም፤ ለ24 ዓመት ኃይል የሆነው ሥልጣን በመጨረሻ ተጠያቂነቱን በሙሉ በእርሱ ላይ ጣለው። ከዚያ በኋላ አትላንታ ፋልከንስ ሁለት ጊዜ አነጋግሮት ሌላ ሰው ቀጠረ። በእኔ ግምት ባለቤቶቹን ያስፈራቸው ዕድሜው ብቻ አይደለም፤ እርሱን መቅጠር ማለት ክለቡን በእርሱ ዙሪያ እንደገና ማደራጀት ማለት ነበር፤ ሥራ አስኪያጆቻቸውም ቦታቸውን መልቀቅ ሊኖርባቸው ነው።

ታዲያ ለምን ዩኒቨርሲቲ?

የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል በቅርብ ዓመታት መልኩን ቀይሯል። ድሮ ተማሪ ተጫዋች ገንዘብ አይከፈለውም ነበር፣ ትምህርት ቤት ሲቀይርም ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ሳይጫወት ይቀመጥ ነበር። ከ2021 ወዲህ በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ይችላል፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲም በቀላሉ ይዛወራል። የአሰልጣኙ ሥራ ወጣት ከማሳደግ ወደ ተጫዋች መግዛትና በጀት ማከፋፈል አዘንብሏል፤ ይህ ደግሞ ቤሊቺክ ለ24 ዓመት የሠራው ነው። ዩኒቨርሲቲው በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ የ5 ዓመት ውል ሰጠው። ቦታው ለቤተሰቡ እንግዳም አልነበረም፤ አባቱ ከ1953 እስከ 1955 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ረዳት አሰልጣኝ ነበር፣ ቢልም ገና ሕፃን ሳለ በቻፕል ሂል ኖሯል።

የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ሆነ። በሴፕቴምበር 2025 በመክፈቻው ጨዋታ በቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ 48 ለ14 ተሸነፈ፤ ዘመኑም በ4 ድልና በ8 ሽንፈት ተጠናቀቀ። በፕሮፌሽናል ሊጉ ጥሎ ማለፉን ጨምሮ 333 ጨዋታዎችን አሸንፏል፤ በታሪክ ከፊቱ ያለው ዶን ሹላ ብቻ ሲሆን የእርሱ ቁጥር 347 ነው። በቻፕል ሂል የሚገኝ ድል ግን በዚያ መዝገብ አይገባም፤ በሁለቱ መካከል ያሉት 14 ጨዋታዎች ከ32ቱ ባለቤቶች አንዱ እስካልጠራው ድረስ እዚያው እንዳሉ ይቆያሉ።